ከእንግዶቹ ጋር የመጣው ትል

የአንድ ሰፊ ወንዝ ንጉሥ አዞ ነበር። ደንቡም ቀላል ነው፤ አዞ ሲርበው ይበላል፣ ሲጠግብ ይፈርዳል፣ የቀረው ሕዝብ በሁለቱ መካከል ይኖራል። አንድ ዓመት ንጉሡ «የአገሬ ዓሦች ከሱብኝ» ብሎ ከሌላ አገር ውሃ ሰባ ሰባ ያሉ ዓሦች አስመጣ። እንግዶቹ ክረምት በገባ ቁጥር ደራሽ ጎርፍ ሲመጣ ሽቅብ ይወጣሉ፤ ምንጩ ዘንድ ተራብተው በጋ ሲሆን ይመለሳሉ።

ይመናሹ የምትባል ቆሮሶ ነበረች። ቆሮሶ ልጆቿን አፏ ውስጥ ይዛ የምታሳድግ ዓሣ ናት። አንድ ጠዋት ከሞተ እንግዳ ጎን ነጭ ትል ሲወጣ አየች። ሰንበትበት ብሎ እኅቷ ሆዷ ተነፍቶ፣ ጀርባዋ እንደ ምላጭ ሳስቶ ሞተች። ከእሷም ጎን ያው ትል ወጣ።

ሞቱ ሲበዛ ጉባኤ ተጠራ። ባሻ ድልነሳ የተባለ ሽማግሌ አምባዛ ረጅም ጢሙን አስተካክሎ ተነሣ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ሺህ ዓመት ይንገሡ! እንግዶቹ ከመጡ ወዲህ ሆዳችን እየተነፋ አለቅን።»

«ሆድ የሚነፋው ሲጠግብ ነው» አለ አዞ። «መጥናችሁ አለመብላታችሁ የእኔ ጥፋት ነው?»

«ትል አለባቸው ይባላል፣ ጌታዬ።»

«ይባላል አይበቃም። ያየ ይመስክር!»

ባሻ ስለ ትሉ ወደነገረችው ወደ ይመናሹ ዞረ። ጉባኤው ሁሉ ዞረ። እሷ ግን ልጆቿን በአፏ ይዛለች፤ እንግዶቹም ከበዋት ይጠብቃሉ። አፏን ከፈተች ማለት ልጆቿን አጎረሰቻቸው ማለት ነው። የባሻን ዓይን እያየች ዝም አለች።

«ምስክር የለህም» አለ አዞ። ባሻ ድልነሳም በሐሰተኛ ከሳሽነት ተፈርዶበት እዚያው ተበላ።

ልጆቿ ጠንክረው ከአፏ ሲወጡ፣ ይመናሹ ማንንም ሳታማክር አዞ ወደተኛበት አሸዋ ሄደች።

«ትሉን በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ዕለት አፌ ሙሉ ሆኖብኝ ነው። አሁን ከፈለጉ ይብሉኝ።»

አዞ አልተቆጣም። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፤ የጎን አጥንቱ ይቆጠራል።

«ባሻ እውነቱን እንደሆነ አውቅ ነበር» አላት ቀስ ብሎ። «እኔንም ከውስጥ ከጀመረኝ ቆይቷል።»

«ታዲያ ይመልሷቸዋ!»

«ማምጣቱን እንጂ መመለሱን አላውቅበትም።»

ላይ አገር ዘንቦ ኖሮ ውሃው ደፈረሰ። እንግዶቹ ከየጥልቁ ወጥተው በሁለቱ አጠገብ ሽቅብ ያልፉ ጀመር። ይመናሹ ልጆቿን በዓይኗ ፈለገች። ከእንግዶቹ ኋላ ተሰልፈው፣ ደስ ብሏቸው ይዋኛሉ።

ጠራቻቸው። ደራሹ ድምጿን ይዞ ቁልቁል ወረደ።