ስድስት ሳፋ ጎመን

አንዲት ሴት ነበረች። ስሟን አልነግራችሁም፤ እዚህ መካከላችን ዘመድ አላት። በዓመታዊው ጉባኤ ወጥ ቤቱን የሚይዙት እትዬ ወርቅያንጥፉ ነበሩ። ያን ዓመት ጉልበታቸውን አመማቸውና ጎመኑን ለእሷ ሰጧት። ከገጠር አጥቢያዎች መቶ ሰው በእግሩ ይመጣል። "ሰላሳ ኪሎ ይበቃል፤ በእኔ ሳፋ ስድስት ነው። ግን መዝኚው፣ ልጄ" አሏት።

እሷ ግን "ሚዛን ምን ያደርግልኛል?" አለች። ስድስት ሳፋ ከተባለ ስድስት ሳፋ ነው። ደግሞ የእትዬን ሳፋ አይታዋለች፤ ከአፉ እንኳ አያልፍም። የእሷን ብታዩት፣ ወገኖቼ፣ ቅጠሉ ተቆልሎ ተሸካሚዋን ይጋርዳል። ያየ ሁሉ "እጅሽ ይባረክ፣ ዘንድሮስ ልንጠግብ ነው" ይላታል። ደስ ብሏት ታልፋለች። እናንተ ብትሆኑ ደስ አይላችሁም? እኔን ደስ ይለኛል።

ጎመኑ ታጠበ፣ ተከተፈ፣ ድስት ገባ። ትንሽ ቆይታ ክዳኑን ስታነሳ ጎመኑ ወርዶ ወርዶ ከድስቱ ግማሽ በታች ሆኗል። ከደነችው። እንደገና ከፈተችው። ያው ነው። ውሃ ልጨምርበት ብላ ጣሳ ስታነሳ እትዬ ምርኩዛቸውን ይዘው ገቡ።

"መዝነሽው ነበር?"

"እትዬ፣ እስኪፈስ ድረስ ነው የሞላሁት።"

"እሱን አልጠየቅሁሽም።"

ከስድስቱ ሌላ ለራት የተቀመጠ አንድ ሳፋ ጎመን ነበር፤ እሱም እንደዚያው የተቆለለ። ከዕቃ ቤት ሚዛን አስመጥተው አስመዘኑት። ሁለት ኪሎ። ከዚያ እትዬ በሁለት እጃቸው ጠቀጠቁት፤ ያ ሁሉ ክምር ከሳፋው ግማሽ በታች ገባ። የእሳቸው ሳፋ እንዲህ እየተጠቀጠቀ ነበር አምስት ኪሎ የሚይዘው። የእሷ ስድስት ሳፋ አስራ ሁለት ኪሎ ብቻ ነው፤ አስራ ስምንት ኪሎ ጎድሏል።

ሴትዮዋ አለቀሰች። "ያ ሁሉ መንገድ የተጓዘ ሰው ባዶ ሳህን ይዞ ሊቆም ነው" አለች።

"ተነሺ" አሏት እትዬ። "ገና አራት ሰዓት ነው፣ ገበያው አልተበተነም። ሚዛኑን ይዘሽ ሂጂ።"

ሄደች። አስራ ስምንት ኪሎ አስመዝና መጣች። ምሳ አንድ ሰዓት ዘገየ፤ መቶውም ሰው በላ።

እኛስ፣ ወገኖቼ? "ሃያ ዓመት አገለገልሁ" ትላላችሁ። ሳፋ ነው። "ሌሊቱን ሙሉ ጸለይሁ" ትላላችሁ። ሳፋ ነው። እኔም ሁለት ሰዓት ስሰብክ ብዙ የሰጠሁ ይመስለኛል፤ ሚስቴን ጠይቋት።

ሳፋ አይከፋም። ግን ውስጡ ስንት ኪሎ ነው? ወንድማችሁ የበደላችሁ ቀን፣ የታመመች እናታችሁ ለሦስተኛ ጊዜ የቀሰቀሰቻችሁ ቀን፣ ያን ቀን ጎመናችሁ እሳት ላይ ነው። ያን ቀን ምን ይቀራል? ይቅርታችሁ ለስንት ሰው ይደርሳል? ትዕግሥታችሁ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ለቆመው ይበቃል?

እንግዳው በር ላይ ሳይደርስ ዛሬ መዝኑት። ጎድሎ ብታገኙት አትክደኑት፣ ውሃም አትጨምሩበት። ጉድለቷን ያወቀችው ሴት መቶ ሰው አብልታለች። እናንተም ታበላላችሁ፤ ይህን ስነግራችሁ አልጠራጠርም።

በሉ ተነሱ። ገበያው ገና አልተበተነም።