ባለቤት ያልነበረው ጥሪ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ በዘገየበት ዓመት፣ በአንድ ሸለቆ ለሚኖሩ እንስሳት የቀረቻቸው ምንጭ አንዲት ብቻ ነበረች። እነዚህ እንስሳት ከአባቶቻቸው የወረሱት «ጥሪ» የሚባል ሥርዓት ነበራቸው። ሰደድ እሳት ሲነሳ ወይም አዳኝ ሲመጣ ቀድሞ ያየው ይጮኻል፤ የሰማው ሁሉ ያንኑ ቃል ለጎረቤቱ ያስተጋባል። «ማን አለ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ጠያቂው እስኪጠይቅ እሳቱ ይደርሳላ።

ቀበሮ ግን ነገሩን ሲያብሰለስል ከርሞ ጉድለት አገኘበት። አንድ ቀን በጉባኤ ተነሳና እንዲህ አለ፦

«ጌታዬ አንበሳ፣ ጥሪያችን አጥር የሌለው ጓሮ ነው። ነገ አንድ ውሸታም ቢጮህ ሁላችንም ውሸቱን ተሸክመን እንሮጣለን። ከእንግዲህ ማን እንዳየ እንጠይቅ።»

አንበሳ አዛጋ። «አባቶቻችን ሳይጠይቁ ኖረዋል» አለ።

«ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ሲል ጅብ ጨመረበት። ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ።

ቀበሮ ጅራቱን ወሽቆ ወጣ። የሚያሳዝነው፣ የተናገረው እውነት ነበር። ስቀው ባይሸኙት ኖሮ ይህ ተረት አይኖርም ነበር።

«አሳያቸዋለሁ» አለ ለራሱ። «ለአንድ ቀን ብቻ።»

በማግስቱ ከፍ ካለ ቋጥኝ ላይ ወጣና ድምፁን ለውጦ ጮኸ፦ «ምንጩ ታሟል፣ አትጠጡ። የሰማህ ላልሰማ አሰማ፤ ያላሰማ ልጁ አይደግለት።»

ሚዳቋ ለከርከሮ፣ ከርከሮ ለዝንጀሮ አስተጋባ። በልጁ የሚጨክን ማን አለ? ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ጥሪው ሸለቆውን ዞሮ በሌላ በኩል መጣ፤ እንዲያውም በመንገዱ ወፍሮ «ምንጩን የረገጠ እግሩ ይቆረጣል» የሚል ተጨምሮበታል። ያዛጋው አንበሳ ራሱ የቀበሮን ቃል ሲያገሳ ተሰማ።

ቀበሮ ደስ አለው። ለምን እንዋሻለን፣ በጣም ደስ አለው። ሲመሽ ወርዶ «አያችሁ?» ሊላቸው ነበር። ሲመሽ ግን «እስቲ ትንሽ ልይ» አለ። በማግስቱም እንደዚያው አለ።

አንድ ማለዳ ከምንጩ ጠጥቶ ቀና ሲል ከጅብ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ።

«ወንድሜ ቀበሮ፣ አፍህ ረጥቧል» አለ ጅብ። ለመጀመሪያ ጊዜ አሰበና «አሃ፣ ያ ጥሪ ያንተ ነው» አለ። «ሁሉም በውሃ ጥም ሲወድቅ ብቻህን ልትበላ ነው። ድርሻዬን ንገረኝ።»

«የምበላው የለም፣ አያ ጅቦ።»

«እንግዲያው ቂም ነው።»

«ማንንም አልጠላሁም።»

«ሥጋም የለበት፣ ደምም የለበት። ታዲያ ምን አገኘህ?»

ቀበሮ መሬት መሬት እያየ መለሰ፦ «መጀመሪያ እውነቴን ላሳይ ነበር። ኋላ ግን ቋጥኙ ላይ ሆኜ ሳዳምጥ ሸለቆው ሁሉ እኔ ያልኩትን ይላል። እኔ መሆኔን ማንም አያውቅም እንጂ።»

«ማንም ካላወቀህ ምኑ ይጣፍጣል?» አለ ጅብ። ቂል የሚሉት እሱን ነው። ጅብ ውሃውን ጠጥቶ ሲያበቃ ከንፈሩን ላሰ። «የእመት አህያ ውርንጭላ ትናንት ወድቋል አሉ። ሄጄ አጠገቡ ልጠብቅ።»

የቀበሮ ልብ ደነገጠ። ያንን ውርንጭላ ያውቀዋል፤ ጆሮው ከራሱ የሚረዝም፣ ቀበሮን ባየ ቁጥር ሊጫወት የሚሮጥ ነው። ቋጥኙ ላይ ዘሎ ወጣና «ምንጩ ደህና ነው፤ ጠጡ» እያለ ጮኸ። ማንም አላስተጋባም። ክፉ ወሬ ይሮጣል፤ ደግ ወሬ ግን ያነክሳል።

ስለዚህ እየሮጠ ሄደ። እመት አህያ በልጇና በጅብ መካከል ቆማለች።

«እመት አህያ፣ ውሃው ደህና ነው። ልጅሽን ይዘሽ ነይ።»

«ማን አለ?» አለች አህያ።

በዚያ ሸለቆ ይህ ጥያቄ ሲጠየቅ የመጀመሪያው ነበር። ቀበሮ የለመነው ጥያቄ ራሱን አገኘው።

«እኔ። ያንን ጥሪ የጮህኩት እኔ ነኝ።»

አህያ ዞራ አየችው። «ርቦህ ነበር?»

«አልራበኝም።»

«እኔ በድዬህ ነበር?»

«አልበደልሽኝም።»

«ምነው ርቦህ በሆነ» አለች አህያ። «ረሃብን እናውቀዋለን። ለረሃብ ይቅር ማለት እንችላለን።»

ልጇን በአፍንጫዋ እየገፋች አስነሳችው። ምንጩ ሲደርሱ ቀበሮ ቀድሞ እፊቷ ጠጣ፤ ውርንጭላውም ተንበርክኮ ጠጣ፣ ዳነም። ጅብ ባዶ ሆዱን ይዞ ተመለሰ።

አንበሳ ይህን ሲሰማ አላዛጋም። ጥሪ በተሰማ ቁጥር «ማን አየ?» ተብሎ እንዲጠየቅ አዘዘ፤ የቀበሮ ምክር ሥርዓት ሆነ። ስሙም በሸለቆው ሁሉ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ጥሪ ሲሰማ እንስሳቱ «ማን አየ?» ይላሉ፤ «ቀበሮ» ከተባለ ግን እሳት እየመጣም ቢሆን ማንም አያስተጋባም።

ከዚህ የምንማረው የኮምፒውተር ቫይረስ ሠርቶ የሚለቅ ሰው ሁሉ ለጥቅም ወይም ለቂም ብቻ እንደማያደርገው፣ ሰሚ ያጣ ብልሃት ከ«እዩኝ» ባይ ልብ ጋር ሲገናኝ ማንንም ያልጠላ ሰው እንኳ ምንም ያልበደለውን እንደሚያስጠማ ነው።