የብሪጂት የጭቃ እሳት

፦ ተረት ተረት!
፦ የጎረቤት እሳት!

ብሪጂት ሞተች። በነሐሴ፣ ዝናቡ ሦስት ቀን ሳያባራ ዘንቦ ሞተች። ሬሳዋን የሚያነሣ ሰው ጠፋ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቀረብ በሉ።

በድሮ ዘመን ከባሕር ማዶ አየርላንድ የሚሉት አገር ነበረ። የአገሩ ሰው ድንች ተክሎ ድንች በልቶ የሚያድር ነበርና አንድ ዓመት ድንቹ መሬት ውስጥ እንዳለ በሰበሰ። በተከታዩም ዓመት በሰበሰ። ከዚያም ሰው አገሩን እየጣለ ወጣ። ብሪጂትም ከባሏ ከቶማስ ጋር ወጣች። በመርከብ ተጓዙና፣ በበቅሎ ተጓዙና፣ በእግር ተጓዙና ጨፌ ሜዳ ከምትባል መንደር ደረሱ። የአገሩ ገዥ፦ መሬት ከፈለጋችሁ ያውላችሁ፤ አላቸው። ያሳያቸው ረግረጉን ነው። ከብት እየዋጠ ያስቸገረውን፣ ሰው የሸሸውን።

ከረግረጉ አጠገብ ያለችው ጎጆ የይታክቱ ነበረች። ይታክቱ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወጣላት፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት። ፈረንጆቹ ቦይ ሲቆፍሩ በአጥሯ ቀዳዳ ታያለች። ሲቆፍሩ ይውላሉ፤ ሲቆፍሩ ይከርማሉ። በሦስተኛው ዓመት ቶማስን ንዳድ ያዘውና ሞተ። ብሪጂት ቅበሩልኝ ብላ በየደጁ ዞረች። ሰው በሽታውን ፈርቶ በሩን አልከፈተም። ከዚያም ባሏን በላም ቁርበት ላይ አስተኛችና ራሷ እየጎተተች ወስዳ ከረግረጉ ዳር ቀበረችው። ይታክቱ ይህንንም በአጥሯ ቀዳዳ አየች። አየችና አልወጣችም።

ብሪጂት አገሬ ልግባ አላለችም። መግቢያም የላት። በበጋ ወደ ረግረጉ ትወርድና ጥቁሩን ጭቃ እንደ ጡብ እየቆረጠች ታወጣለች፤ በፀሐይ ታደርቃለች፤ ትከምራለች። በአገሯ የሚነደው እሱ ነበር። ጭቃውም ነደደ። ነበልባል የለው፤ ግን አይጠፋም። ማታ ረመጡን በአመድ ትዳፍነዋለች። ጠዋት ገለጥ ስታደርገው ቀልቶ ይጠብቃታል።

መንደሩ ሳቀ። ኩበት የሚያነደው ሁሉ ጭቃ አነደደች ብሎ ሳቀ። ከምንጩ መንገድ ላይ ሲያገኟት፦ ጭቃ አንዳጇ መጣች! ዛሬ ደግሞ ምን ልትቀቅይበት ነው፣ ድንጋይ? ይሏታል። ከሁሉ የምትብሰው ይታክቱ ናት።

፦ ተዉአት እናንተ! ነገ ደግሞ ውሃውን ታነድላችኋለች! ትልና ታስቃቸዋለች።

ብሪጂት እንስራዋን አዝላ ታልፋለች።

ነሐሴ ሲገባ እንጨቱም ኩበቱም ይርሳል። አንድ ማምሻ የይታክቱ እሳት ጠፋ። ወዲያ ወዲህ አየች፤ ሰው የለም። እሳት መጫሪያ ገሏን ከነጠላዋ ሥር ደበቀችና በአጥሯ ቀዳዳ ሾልካ ብሪጂት ቤት ገባች።

፦ እሳት ልጭር ነው፤ አለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

፦ ጫሪ እህቴ፤ አለች ብሪጂት። ረመጡንም ገለጠችላት።

ከዚያ ወዲያ ክረምት በመጣ ቁጥር ይታክቱ በቀዳዳው ትሾልካለች። ቀን ትስቅባታለች፤ ማምሻውን እሳት ትጭርባታለች። በልቧም፦ እኔ ብቻ ነኝ ዕድለ ቢስ፤ የሌላው ሰው እሳት መች ይጠፋል፤ ትላለች። ብሪጂት ለማንም አላወራችም።

ብዙ ክረምት እንዲህ አለፈ። ብሪጂት ቆፍራ ቆፍራ ወገቧ ጎበጠ። በዚያ ነሐሴ ታማ ተኛች። ይታክቱ ገሏን ይዛ ስትገባ ተኝታ አገኘቻት።

፦ ይታክቱ፣ ደክሞኛል።

፦ አይዞሽ እትዬ።

፦ ባሌን በቁርበት ጎተትኩት። እኔን አትጎትቱኝ። በትከሻ አውጡኝ።

፦ እሺ፤ አለች ይታክቱ። እሺ ካለች በኋላ ደነገጠች። ቃሬዛ አራት ሰው ይፈልጋል። እሷ አንድ ናት።

ሲነጋ ብሪጂት ሞታ ነበር። ይታክቱ በዝናቡ ወጣችና ወደ መንደሩ ሽማግሌ ወደ አባ ደምለው ሄደች።

፦ አባ፣ ፈረንጇ ሞታለች። አንሡልኝ።

፦ ዘመዷ ያንሣት።

፦ ዘመድ የላትም።

፦ አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ለሷ የተቆረቆርሽው? ውሃውን ታነዳለች ያልሽው አንቺ አይደለሽም?

ይታክቱ ወጣች። ወደ ጎረቤቷ ወደ አሥረስ ቤት ሄደች፤ ወገቤን አሞኛል አላት። ወደ ገረመው ቤት ሄደች፤ ጥጃዬ ታሞብኛል አላት። ተመለሰችና ከሬሳው አጠገብ ተቀመጠች። ከዚያም ረመጡን ገለጠች። ቀልቷል። ጭቃ ጨመረችበት።

ገና ሳይመሽ ደመናው ቀኑን አጨለመው። ከደጅ ኮቴ ሰማችና ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። አሥረስ ነው። ከጋቢው ሥር ገል ይዟል።

፦ ወገብህ ተሻለህ?

አሥረስ ሳይመልስ ከኋላው ገረመው ደረሰ። እሱም ገል ይዟል። ሁለቱ ተያዩ።

፦ አንተም?

፦ አንተስ?

ከረግረጉ ሸንበቆ በኩል አባ ደምለው ከነከዘራቸው ብቅ አሉ። ገሉ ከብብታቸው ነው። ከኋላቸው ደግሞ ሌሎች ሰዎች መጡ፤ ሁሉም አንድ አንድ ገል ደብቀዋል። ዝናብ እየመታቸው ቆሙ። ማንም አልሳቀም።

፦ እዚህ ስትሾልኩ ስንት ዓመታችሁ ነው? አለች ይታክቱ።

፦ ቶማስ ከሞተ ወዲህ፤ አለ አሥረስ።

፦ እኔም ከዚያው ወዲህ ነኝ፤ አለ ገረመው።

አባ ደምለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

፦ እኔን እንኳ ሚስቴ ናት የምትልከኝ፤ አሉ።

ይታክቱ ከበሩ ንቅንቅ አላለችም።

፦ እኔም እንደ እናንተው በቀዳዳ ስሾልክ ኖሬያለሁ። ባሏን ስትጎትትም በቀዳዳ አይቻለሁ። አባ፣ ዘመዷ ያንሣት ብለውኛል። ክረምት በመጣ ቁጥር እሳት የሰጠች ዘመድ ካልሆነች፣ ዘመድ ማን ነው? መጀመሪያ ትከሻ። እሳቱ ከዚያ በኋላ ነው።

ሽማግሌው ገሉን ከብብታቸው አውጥተው መሬት ላይ አኖሩና፦ ቃሬዛ አምጡ፤ አሉ።

ብሪጂትን በትከሻ አወጧት። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ይውጣቸዋል። አንዱ ሲዝል ሌላው ይቀበለዋል። አሥረስ ተንበረከከ፤ ተነሣ፤ ደግሞ ተንበረከከ። ቃሬዛው ግን መሬት አልነካም። ከቶማስ ጎን ቀበሯት። የአባቷን ስም የሚያውቅ አልነበረምና ሙሾ የሚያወርድላት ጠፋ። ይታክቱ ብቻ፦ ጫሪ እህቴ ትል ነበር፣ ጫሪ እህቴ ትል ነበር፤ እያለች አለቀሰች።

ከዚያም ተመለሱና እሳት ጫሩ። ገሉን ማንም አልደበቀም። በዋናው በር ወጥተው ወደየቤታቸው ሄዱ።

ረመጡን ማታ የሚዳፍን ሰው ያስፈልግ ነበር። ይታክቱ እዚያው ቀረች።

ተረቴን መልሱ፤ ረመጡን ቆስቁሱ፤ አፌንም በቂጣ አብሱ።