ተገልብጦ የተተከለው ገንዳ

ተረት ልጀምር ነው። አንድ አደራ ብቻ አለኝ፤ መሀል ላይ "ይሄንንማ ነግረኸናል" እንዳትሉኝ። እየደጋገምኩ ነው የምነግራችሁ። የቸኮለ ካለ ከአሁኑ ይሂድ፣ አልቀየመውም።

በድሬዳዋ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለ ሰፈር፣ እትዬ አመለወርቅ የሚባሉ ሴት ነበሩ። የፈለጉት ነገር ትንሽ ነው። ወርቅ አላሉ፣ ፎቅ አላሉ፤ ሳያመኝ ልራመድ ነው ያሉት። የቀኝ ጉልበታቸው ግን እንቢ አለ። ሐኪሙ አገላብጦ አየና "ይሄ ጉልበት መጀመሪያ ውሃ ውስጥ መራመድ አለበት። ውሃው ክብደትዎን ይሸከምለታል፤ ከዚያ በኋላ መሬቱንም ይለምደዋል። ዝም ብለው ከተቀመጡ ግን እንደታጠፈ ይቀራል" አላቸው። እትዬ አመለወርቅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈሩ። ፍርሃታቸውን የነገሩት ለባላቸው ብቻ ነው፤ እሳቸውንም "ለጎረቤት ትንፍሽ እንዳትል" ብለው አስምለው። ጎረቤቱ የሚያውቀው "ትንሽ ይቆረጥማታል" የሚለውን ነው። እንግዲህ የመጀመሪያዋን ያዙልኝ፤ ጉልበት ያለ ውሃ አልራመድም አለ።

ባላቸው ጋሽ ተካልኝ ዕድሜ ልካቸውን የባቡር ፍሬን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የጠገኑት ነገር ሁሉ እሺ ስላላቸው፣ እንቢ የሚል ጉልበት ሲያዩ ተናደዱ። የሆቴሉ ገንዳ መግቢያው ቀጥ ያለ መሰላል ነው፤ ያውም ሰው ይሞላዋል። እትዬ አመለወርቅ "በዚህ ዕድሜዬ በሰው ፊት? ሞቼ ነው!" አሉ። "እንግዲያው እኔ እሠራዋለሁ" አሉ ጋሽ ተካልኝ፤ ዶማና አካፋ አነሱና ጓሮውን መቆፈር ጀመሩ። ሰባት ወር ቆፈሩ። በአንድ በኩል እስከ ጉልበት፣ በሌላው በኩል እስከ ደረት፤ መግቢያውን መሰላል ሳይሆን እንደ ቁልቁለት ለስለስ አድርገው። ጎኑን በብሎኬት ገነቡ። ወለሉ ላይ የተነፋ አሸዋ ደልድለው በጣውላ አስተካከሉት። ከዚያ ሊሞክሩት ጎማውን ቧንቧ ላይ ሰክተው ለቀቁ። ማታ የገባው ውሃ ጠዋት የለም። የድሬ አሸዋ ጠጥቶ እንኳ "ተመስገን" አይልም። ጉልበት ያለ ውሃ አልራመድም አለ፤ ውሃ ያለ ሸራ አልጠራቀምም አለ።

ጋሽ ተካልኝ ከአዲስ አበባ በጉድጓዱ ልክ ተቆርጦ የተበየደ ወፍራም የፕላስቲክ ሸራ አስመጡ። ሰማያዊ ነው፤ ጠርዙ ላይ ዙሪያውን የሸክላ ንጣፍ ተሥሎበታል። አንዲት ጠጠር ሸራ ትበሳለች ብለው፣ ሁለት ቀን በርከክ ብለው አሸዋውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ጠጠር ለቀሙ። በሦስተኛው ቀን የቧንቧ መጋጠሚያ ሊገዙ ወጡ። ሲመለሱ ሸራው የለም።

"አመሌ፣ ሸራው የታለ?"

"የየሺመቤት ወንድም አረፈ። የእድሩን ድንኳን ባለፈው ነፋስ ቀዶት የለ? የሰፈሩ ልጆች ግራ ገብቷቸው መጡ፤ እሱን ውሰዱ አልኳቸው።"

"አንቺ ሴትዮ! ያ እኮ ጉልበትሽ ነው!"

"ሰው ሞቶ ሸራ ይከለከላል? ሦስት ቀን ነው፤ ሠልስቱ ሲያልፍ ይመለሳል።"

በዚያ ሰፈር ለለቅሶ የተጠየቀ ዕቃ እንቢ አይባልም፤ ሸራም ቢሆን፣ ጉልበትም ቢሆን። ጋሽ ተካልኝ ሄደው ቢያዩት ገንዳቸው ተገልብጦ ተተክሏል። ልጆቹ አንድም ቀዳዳ ሳይበሱ፣ ጠርዙን በገመድ አስረው፣ በእድሩ ቋሚዎች ላይ ወጥረውታል። ጥልቁ ወገን እንደ ጠገበ ሆድ ወደ ሰማይ ተነፍቷል። ከሥሩ የተቀመጠው ለቀስተኛ እንባውን እየጠረገ ሸክላ ይቆጥራል። ጋሽ ተካልኝ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጠው፣ በገዛ ገንዳቸው ሥር ተገቢውን አለቀሱ።

ሠልስቱ አለፈ። በአራተኛው ቀን ድንኳኑ እንደቆመ ነው። ጋሽ ተካልኝ ቋሚውን ይዘው ቀስ ብለው ነቅነቅ አደረጉት። የእድር ቋሚ ግን በአንድ ሰው እጅ ተተክሎ አያውቅም፤ በአንድ ሰው እጅም አይነቀልም። ጉልበት ያለ ውሃ አልራመድም አለ፤ ውሃ ያለ ሸራ አልጠራቀምም አለ፤ ሸራ ከቋሚ ሳልወርድ አልነጠፍም አለ፤ ቋሚ ዳኛ ሳያዝ አልነቀልም አለ።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ኢድሪስ ናቸው። ሱቃቸው በር ላይ አገኟቸው።

"ኢድሪስ፣ ሠልስቱ አልፏል፤ ድንኳኑ ይነሳ በልልኝ።"

"አቦ ተካልኝ! ለቀስተኛ ተቀምጦ ከላዩ ላይ ጣራ የሚያነሳ ዳኛ ወላሂ የት አገር አለ? እነሱ ይነሱ፣ እኔ በአንድ ቃል አዛለሁ።"

ጋሽ ተካልኝ መለስ አሉ። ጉልበት ያለ ውሃ አልራመድም አለ፤ ውሃ ያለ ሸራ አልጠራቀምም አለ፤ ሸራ ከቋሚ ሳልወርድ አልነጠፍም አለ፤ ቋሚ ዳኛ ሳያዝ አልነቀልም አለ፤ ዳኛ ለቀስተኛ ሳይነሳ አላዝም አለ። ደከማችሁ? እሳቸው ናቸው በዚያ ፀሐይ የሚመላለሱት፤ እናንተማ ተቀምጣችኋል።

ለቀስተኞቹ ካርታ ይዘው ተቀምጠዋል። ጋሽ ተካልኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ጎረቤቶቼ፣ ቀኑም ደረሰ፣ ሥራም ይጠብቃል፤ ብንነሳስ?" አሉ።

አንዱ ካርታውን ደረቱ ላይ ሸሸገ። "ጋሼ፣ እኛስ መች ጠላን? ሦስት ቀን ሙሉ ተሸንፌያለሁ። ሐዘንተኛዋ ከፍራሽ ሳይነሱ እኛ ብንነሳ ግን ነገ እኛን ማን ይቀብረናል?"

ይህም እውነት ነው። ጉልበት ያለ ውሃ፣ ውሃ ያለ ሸራ፣ ሸራ ከቋሚ ሳይወርድ፣ ቋሚ ዳኛ ሳያዝ፣ ዳኛ ለቀስተኛ ሳይነሳ፣ ለቀስተኛ ሐዘንተኛ ሳትነሳ፣ ሁሉም አይሆንም አለ።

ጋሽ ተካልኝ ጫማቸውን አውልቀው ወደ ውስጥ ገቡ። እትዬ የሺመቤት መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግተው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። እሳቸውና እትዬ አመለወርቅ የአርባ ዓመት ጎረቤት ናቸው፤ ከሰፈሩ እህትማማች የሚመስሏቸውም አሉ። እንዲነሱ ሊለምኗቸው ጎንበስ ሲሉ ሴትዮዋ ቀደሟቸው።

"ተካልኝ፣ አመለወርቅ የታለች?"

"ትንሽ ... ትንሽ ቆርጥሟት ነው።"

"አራት ቀን ሙሉ? እናቴ ስትሞት አብራኝ አለቀሰች። ባሌ ሲሞት አብራኝ አለቀሰች። አሁን ወንድሜን ቀብሬ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ምን አድርጌያት ነው? እሷ ሳታለቅስልኝ እኮ የሞተም አይመስለኝ። እሷ እስክትመጣ ከዚህ አልነሳም።"

ጋሽ ተካልኝ አፋቸውን ከፈቱ፤ መሐላቸው ትዝ አላቸውና መልሰው ዘጉት። የዚያን ቀን መሐላቸውን ረገሙ፣ ሚስታቸውን ግን አልረገሙም። እግራቸውን እየጎተቱ ወደ ቤት ሄዱ።

እትዬ አመለወርቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። "እህ? ሸራው የታለ?"

"አይ አመሌ። ጉልበትሽ ያለ ውሃ አልራመድም አለ፤ ውሃው ያለ ሸራ አልጠራቀምም አለ፤ ሸራው ከቋሚ ሳልወርድ አልነጠፍም አለ፤ ቋሚው ዳኛ ሳያዝ አልነቀልም አለ፤ ኢድሪስ ለቀስተኛ ሳይነሳ አላዝም አለ፤ ለቀስተኛው የሺመቤት ሳትነሳ አልነሳም አለ፤ የሺመቤት ..."

"የሺመቤት ምን አለች?"

"አመለወርቅ ሳትመጣ አልነሳም አለች። ምን አድርጌያት ነው አለች።"

እትዬ አመለወርቅ በመጀመሪያ ሳቁ። ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና ለቅሶ ሆነ። "እኔ እኮ በመጀመሪያው ቀን ሞክሬ ነበር። አንተ ሳትኖር በሩ ጋ ወደቅሁ። በእጄ እየዳህኩ ተመለስኩ። አፈርኩ፣ ተካልኝ።"

ጋሽ ተካልኝ አጠገባቸው ቁጭ አሉ። "በጀርባዬ ልዘልሽ" አሉ።

"ለቅሶ በሰው ጀርባ አይደረስም።"

"ባጃጅ ልጥራ።"

"በዚያ ስርጥ? ሁለት አህያ ጎን ለጎን አያሳልፍ!" እትዬ አመለወርቅ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። "ብድግ አድርገኝ።"

ከቤታቸው እስከ ድንኳኑ ሰባት ግቢ ነው። እናንተ ተረቱን ሳትጨርሱ ትደርሱበታላችሁ። እሳቸው አንዱን ግቢ እንዳለፉ ግንብ ተደገፉ፤ ላብ በላብ ሆኑ። በሩ ላይ ሽንኩርት የምትልጥ ሴት ቀና ብላ አየቻቸው። የታጠፈውን እግር አየች። ምንም ሳትል የተቀመጠችበትን በርጩማ አንስታ ከሥራቸው አደረገችላቸው። እፎይ ብለው ተነሱ። ከሚቀጥለው ግቢ ወንበር ወጣ። ከሚቀጥለው ጀሪካን ተገልብጦ ወጣ። "ትንሽ የሚቆረጥማቸው" እትዬ አመለወርቅ፣ ሰፈሩ ሁሉ እያያቸው፣ ከመቀመጫ ወደ መቀመጫ ሄዱ። አምስተኛው መቀመጫ ላይ መነሳት አቃታቸው። ድንኳኑ ይታያል፤ ጉልበቱ ግን አለቀ። እዚያው ሆነው፣ በሙሉ ድምፃቸው፣ "ወንድሜን! ወንድም ጋሼን!" ብለው ጮኹ።

እትዬ የሺመቤት ያን ድምፅ ያውቁታል። ብቅ ብለው ቢያዩ አመለወርቅ መንገድ መሀል ተቀምጣለች፤ እግሯ እንደ ሌላ ሰው እግር ጠሟል። ጫማም ነጠላም ሳይሉ በባዶ እግራቸው ሮጡ።

"እንዲህ ሆነሽ ነው እንዴ? እኔ ክፉ! እኔ ደግሞ ምን ብዬሽ ነበር?"

ተቃቅፈው አለቀሱ። የትኛው እንባ ለሟቹ፣ የትኛው ለጉልበቱ እንደሆነ እኔን አትጠይቁኝ፤ እነሱም አለዩትም።

ግን አያችሁ? ሐዘንተኛዋ ተነስተዋል! ሐዘንተኛዋ ሲነሱ ለቀስተኛ ተነሳ፤ ተሸናፊው ካርታውን በትኖ ከሁሉ በፊት ተነሳ። ለቀስተኛ ሲነሳ ዳኛ በአንድ ቃል አዘዘ። ዳኛ ሲያዝ ቋሚ ተነቀለ። ቋሚ ሲነቀል ሸራ ወረደ። ሸራው ሲወርድ ጋሽ ተካልኝ ሊሸከሙት ጎንበስ አሉ፤ ጋሽ ኢድሪስ ገፋ አደረጓቸው። "አቦ ዞር በል! አራት ቀን በሸራህ ተጠልለን፣ ዛሬ ብቻህን ልትሸከም?"

አርባ ሰው ረጅም ጥቅልል አድርጎ፣ በሰልፍ በትከሻው ተሸክሞ ወደ ጓሮ ወሰደው። ጋሽ ተካልኝ ይህን ከባድ ነገር ብቻዬን እንዴት እዘረጋዋለሁ እያሉ ስንት ቀን ሲጨነቁ ነበር። እሱም የአርባ ሰው ሥራ ኖሯል። የአራት ቀን ፀሐይ እጥፋቱን አስለቅቆ አለስልሶታል። አርባው ሰው በአራቱም ጎን ቆሞ፣ ሳብ፣ ላላ፣ ሳብ እያለ ወደ ጉድጓዱ አወረደው። ሆዱ ዛሬ ወደ ታች ነው። ውሃ በተራው ሲመጣ ጎማው ተከፈተ፤ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ገቡና ሽብሽቡን በባዶ እግራቸው እየገፉ ወደ ዳር አወጡት። ውሃው በመጣ ቁጥር እየተጨመረ ስድስት ቀን ፈጀ። ጠዋት ጠዋት ጋሽ ተካልኝ በጣታቸው ይለኩታል። ማታ የነበረበት ላይ ነው። ሸራ ተነጠፈ፤ ውሃ ተጠራቀመ።

በሰባተኛው ቀን እትዬ አመለወርቅ በቁልቁለቱ ወረዱ። እትዬ የሺመቤት ከነጥቁር ቀሚሳቸው እጃቸውን ይዘው አብረው ገቡ። ጋሽ ተካልኝ ዳር ላይ ቆመው ያያሉ። ውሃው እስከ ጉልበት፣ እስከ ወገብ፣ እስከ ደረት መጣ። እትዬ አመለወርቅ የቀኝ እግራቸውን አነሱ። አስቀደሙ። ግራውን አስከተሉ። ጉልበት ተራመደ።

"ያማል?" አሉ እትዬ የሺመቤት።

"አያምም። የሺ፣ አያምም!"

"እኔን ግን ያመኛል" አሉ እትዬ የሺመቤት፤ እርጥብ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ አመሻሽ ላይ ያመኛል።"

እትዬ አመለወርቅ ሌላ አንድ እርምጃ ተራመዱና አጠገባቸው ደረሱ። "አመሻሽ ላይ እመጣለሁ" አሉ። "ዛሬም፣ ነገም። መቀመጫዎቹን ብቻ እንዳያስገቡብኝ ንገሪልኝ።"

ከዚያ ወዲህ በዚያ ስርጥ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ሲል፣ በየግቢው በር አንዳንድ መቀመጫ ይወጣል። መጀመሪያ ሰባቱም ያስፈልጉ ነበር። አሁን ሁለቱ ይበቃሉ። ተረቴም እዚህ ጋ ይረፍ፤ የሰማችሁ ለቀጣዩ ግቢ አሻግሩልኝ።