ኤሊ የተከለችው ሸምበቆ

በድሮ ዘመን፣ ሐይቅን የሚለካ ባልነበረበት ጊዜ፣ በአንዲት ደሴት ላይ እንስሳት ይኖሩ ነበር። አንበሳ ንጉሥ ነበር፤ ኃይለኛ፣ ግን ቶሎ የሚደነግጥ። ቀበሮ አማካሪው ነበር፤ አፈ ጮሌ፣ ሆዱ የማይጠግብ። ኤሊ ደግሞ ዝግተኛ ነበረች፤ ያየችውን ግን አትረሳም።

ያን ክረምት ኤሊ አሥራ ሁለት እንቁላል ጥላ አሸዋ ውስጥ ቀበረች። የኤሊ እንቁላል ከተቀበረበት ከተነሣ አይፈለፈልም። ይህን ኤሊ ታውቃለች። ቀበሮም ያውቃል።

ዝናቡ በረታ፤ ሐይቁ ይሞላ ጀመር። ኤሊ ውሃው ዳር ሸምበቆ ተከለች። ጎሕ ሲቀድ ውሃው የደረሰበትን በጥፍሯ ትጭራለች። ለአንድ ንጋት አንድ ጭረት፤ አይበልጥም፣ አያንስም።

በመጀመሪያው ቀን ውሃው ስምንት ጣት ወጣ። በሁለተኛው ቀን ስድስት ጣት ወጣ። በሦስተኛው ቀን አራት ጣት ወጣ። ከዚያ በኋላ ከውሃው እስከ እንቁላሎቹ የቀረው አምስት ጣት ብቻ ነበር። ወደ ማዶ የሚያሻግረው ድንጋይም በከፍታው ከእንቁላሎቹ ጋር እኩል ነበር።

ቀበሮ አንበሳ ዘንድ ሮጠ።

«ጌታዬ፣ በሦስት ቀን አሥራ ስምንት ጣት! ለቀን ስድስት ማለት ነው። ነገ ስድስት ከጨመረ መሻገሪያው ይሰጥማል። ዛሬውኑ ይውጡ። እኔ ለእርስዎ ስል ቀርቼ ደሴቲቱን እጠብቃለሁ።»

አንበሳ ደነገጠ። «ሁሉም ይነሣ!» አለ።

«እኔ አልነሣም» አለች ኤሊ።

ጦጣ ሳቀች። «ላንቺማ ምን አለብሽ፣ እመት ኤሊ! ውሃ ቤትሽ ነው። የምንሰምጠው እኛ!»

«እኔ እዋኛለሁ፣ እመት ጦጢት። እንቁላሎቼ ግን አይዋኙም።»

«ታዲያ ቀበሮ ዋሸ ነው የምትይው?» አለ ጅብ።

«ቁጥሩስ ልክ ነው፣ አያ ጅቦ። ግን ሦስቱን ቀን አንድ ላይ ፈጭቶ አቀረበላችሁ። ጭረቶቹን ለየብቻ እዩ። ስምንት፣ ስድስት፣ አራት። ውሃው ይወጣል፤ አወጣጡ ግን እየደከመ ነው። አቀበት የሚወጣ አህያ እርምጃው እያጠረ ከሄደ ሊቆም ነው። ዝናቡም ቀሎ የለም? ነገ ሁለት ጣት ይወጣል፣ ከነገ ወዲያ ምንም።»

«ብትሳሳቺስ?» አለ አንበሳ።

ኤሊ አንገቷን ወደ አንበሳ ቀና አደረገች። «ብሳሳት እናንተ መውጫ ታጣላችሁ፣ እኔም ልጆቼን አጣለሁ። ዛሬ ብትሄዱ ግን ዛሬውኑ አጣቸዋለሁ። ለመሆኑ፣ ጌታዬ፣ ደሴቲቱ የምትሰጥም ከሆነ ቀበሮ ቀርቶ የሚጠብቀው ምኑን ነው?»

ሁሉም እንቁላሎቹ ወደተቀበሩበት አሸዋ፣ ከዚያም ወደ ቀበሮ ሆድ አዩ። ቀበሮ ጆሮውን አከከ።

አንበሳ አንድ ቀን ጠበቀ። ሲነጋ ሁሉም ሸምበቆው ጋ ተሰበሰቡ፤ ውሃው ሁለት ጣት ወጥቶ ነበር። በማግስቱ ምንም አልወጣም። በሦስተኛው ቀን ሁለት ጣት ወረደ። እንቁላሎቹ ደረቅ አሸዋ ውስጥ ነበሩ።

አንበሳም ፈረደ። «ቀበሮ ጠባቂ ልሁን ብሏል፤ ይጠብቅ። እንቁላሎቹ እስኪፈለፈሉ ጎሕ በቀደደ ቁጥር ውሃ ውስጥ ገብቶ ጭረት ይጫር። አያ ጅቦ፣ አንተ ከኋላው ቁም።»

ቀበሮ ስንት ንጋት ተንቀጠቀጠ! አንድ ማለዳ አሸዋው ተነቃነቀ። አሥራ ሁለቱ ግልገሎች ተራ በተራ በአፍንጫው ሥር አልፈው ሐይቁ ገቡ። ቀበሮም ቆጠራቸው፤ ከመቁጠር ሌላ የተፈቀደለት አልነበረም።

ልጆች፣ ለእያንዳንዱ ንጋት አንድ የውሃ ልክ ሲኖር፣ የተማሩ ሰዎች ይህን ዝምድና ፈንክሽን ይሉታል። ልኩ በምን ፍጥነት እንደሚለወጥ፣ ጥቂት በጥቂት ተደምሮም የት እንደሚደርስ የሚያሰሉበትን ጥበብ ካልኩለስ ብለውታል። ግድብ የሚጠብቅ ሰው ይፈልገዋል፤ የበሽታን መዛመት የሚከታተል ሐኪምም ይፈልገዋል።

ነገሩ የደረሰበትን ብቻ አይቶ የሚፈራ የቀበሮ ሲሳይ ይሆናል፤ አካሄዱን ያየ ግን ልጆቹን ያሳድጋል። እኔ ተረቴን ለሐይቁ መለስኩ፤ እናንተ ሸምበቋችሁን ትከሉ።