መንጠቆ ሲመርጥ የረፈደበት ዓሣ አጥማጅ

አንድ ዓሣ አጥማጅ ነበረ። በቆላ ሐይቅ ዳር የሚኖር፣ ሥራውን የሚያውቅ፣ ጠንቃቃ ሰው ነበረ።

ምንዳዬ፣ ነገሩን ከዚህ የጀመርሁት ጥያቄህን ሳልሰማ ቀርቼ አይደለም። ሰምቼሃለሁ። ከታላቅ ወንድምህ ጋር ከተኳረፋችሁ ስድስት ዓመት ሆነ። አሁን እሱ አልጋ ይዟል። አንተም ልትታረቀው ፈልገህ፣ «ማንን ሽማግሌ ልላክ? ምን ይዤ ልሂድ? የመጀመሪያው ቃሌ ምን ይሁን?» ብለህ ጠየቅኸኝ። መልሴ የዚህ ሰው ታሪክ ነውና ታግሠህ ስማኝ። ረጅም አይደለም።

ይህ ሰው ከእናቱ ጋር ይኖር ነበር። እናቱ ታመመች። ሦስት ቀን እህል አልቀምስም አለች። በአራተኛው ቀን ግን ጠራችውና፣ «ልጄ፣ የነጭ ዓሣ ጭንቅላት መረቅ አማረኝ» አለችው። ነጭ ዓሣ የሚሉት በዚያ ሐይቅ ካለው ሁሉ ትልቁን ነው። ሰው የሚያህል ይገኛል። በዚያ ወር ግን ነጭ ዓሣ ከዳር ሸሽቶ ነበር። ከገደሉ ሥር ካለው ጥልቅ ስፍራ በቀር የትም አልነበረም።

በጥልቁ ስፍራ ደግሞ ማንም እንደፈለገ አያጠምድም። ገመድ ከገመድ እንዳይጠላለፍ፣ ሰውም ከሰው እንዳይጣላ፣ የሐይቁ ሰዎች ተራ አውጥተዋል። ለአንድ ጀልባ አንድ ቀን ነው። ያ ቀን ካለፈ ተራው የሚመለሰው በአሥራ ሁለት ቀን ነው። በማግሥቱ የዚህ ሰው ተራ ነበር። እናቱ ይህን ስትሰማ ደስ አላት። ጎረቤቷን ጠርታ ትልቁን ድስት ከመደርደሪያ አስወረደች።

ነጭ ዓሣ የሞተ ነገር አይወድም። የሚበላው በሕይወት ያለ፣ የሚዋኝ ትንሽ ዓሣ ነው። ስለዚህ ሰውየውና አብሮት የሚሠራው ቀዛፊ ጎሕ ሲቀድ ወጥተው፣ በሐይቁ ዳር ከበቀለው ደንገል መካከል በትንሽ መረብ አሥር ትንንሽ ዓሦች ያዙ። ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ አደረጓቸው። ጥልቁ ስፍራ ሲደርሱ ፀሐይ ገና መውጣቷ ነበር። ሐይቁ ጸጥ ብሏል። ነጭ ዓሣ የሚበላበት ሰዓት እሱ ነው።

ሰውየው የመንጠቆውን ሣጥን ከፈተ።

መጀመሪያ ወፍራሙን መንጠቆ አነሣ። ትልቅ ዓሣ ቢይዝ አይተጣጠፍም። ግን ትንሹን ዓሣ በክብደቱ ይጫነዋል፣ እንደ ልቡ አያዋኘውም አለና መለሰው። ቀጭኑን አነሣ። ትንሹ ዓሣ በዚህ በደንብ ይዋኛል። ግን ትልቁ ዓሣ አንድ ጊዜ ቢስበው እንደ ሽቦ ይቃናል አለና መለሰው። ጫፉ ወደ ውስጥ የዞረውን አነሣ። ይህ የዓሣውን ከንፈር ዳር ይይዛል፣ ከያዘም አይለቅም። ግን ዓሣው እስኪዞር መታገሥ ይጠይቃል፤ ብቸኩልስ አለ። ቀጥሎ አንድ መንጠቆ ከትንሹ ዓሣ የጀርባ ክንፍ ሥር ይበቃል ወይስ ሁለተኛ በጅራቱ በኩል ልጨምር እያለ ያሰላስል ጀመር። ሁለቱን አሰረ። አይቶ አልወደደውም። ፈታው።

ልብ በል፣ ምንዳዬ፤ ያሰበው ሁሉ ትክክል ነበር። ስለ መንጠቆ አንድም ስሕተት አልተናገረም። ሌላ ቀን ቢሆን ያገኘውን አስሮ ይጥል ነበር። ለእናቱ ስለሆነ ነው የተጨነቀው።

ቀዛፊው ቀልደኛ ነበር። «ጋሼ፣ ዓሣው መንጠቆውን ሊገዛው ነው እንዴ እንዲህ የምታማርጥለት? ጣልለት እንጂ!» አለው።

«አንተ ዝም በል። ይህ የእናቴ ነው።»

«ለእናትህ እኮ ነው የምልህ ልል ነበር፤ ተውሁት» አለና ሣቀ። ሰውየው አልሣቀም።

ፀሐይ ከፍ አለች። የቆላ ፀሐይ እንደምታውቀው ነው። ባልዲው መሞቅ ጀመረ። ቀዛፊው ወደ ውስጡ ተመለከተና ቀልዱን ተወ።

«ጋሼ፣ ወደ ላይ እየመጡ አየር ይጎርሳሉ። ውሃውን ልቀይርላቸው?»

«ቆይ፣ ጀልባዋን አታወዛውዝብኝ። ቋጠሮ ላይ ነኝ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ ልጎንበስና...»

«ቆይ አልሁህ!»

ቀዛፊው ቆየ። ነገሩ ያበቃው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የሱ ተከታይ ነው።

ሰውየው በመጨረሻ መረጠ። ጫፉ የዞረውን፣ መካከለኛውን መንጠቆ ወሰደ። አሳምሮ አሰረው። ስቦ ሞከረው፤ ጥርሱ መካከል አድርጎም ስቦ ሞከረው። የዚያን ቀን ያሰረውን የመሰለ ቋጠሮ በዕድሜው አስሮ አያውቅም ይባላል። ከዚያም እጁን ወደ ባልዲው ሰደደ።

ዘጠኙ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ሰጥተው ተንሳፍፈዋል። አንዱ ብቻ ከታች በኩል አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ያንን ቀስ ብሎ አወጣው። ግን አሁን ቸኩሎ ነበርና መንጠቆውን አጥልቆ ሰካበት። ውሃ ውስጥ ሲገባ አልዋኘም። እንደ ድንጋይ ወረደ።

በሞተ ዓሣ ላይ የሚመጣው አምባዛ ነው። ቀትር ላይ ገመዱ ሲሳብ የወጣውም አምባዛ ነበር፤ ቅርፊት የሌለው፣ ጢማም። እናቱ በሃይማኖቷ ምክንያት አምባዛ አትቀምስም። ቀዛፊው ዓሣውን ከመንጠቆው አላቀቀና ወደ ሐይቁ መለሰው። ከዚያ የከሰዓቱ ነፋስ ተነሣ። ሌላ ትንሽ ዓሣ ፍለጋ ወደ ደንገሉ ሄዶ መመለስ አልተቻለም።

ቤት ሲገባ እናቱ ፊቱን አይታ አወቀች። «ሐይቁ ያው ሐይቅ ነው፣ የሚሰጥበትም የማይሰጥበትም ቀን አለው» አለችው። ሐይቁ እንዳልከለከለው አልነገራትም። ይህን ሳይነግራት መቅረቱ በኋላ ከሁሉ ይልቅ ሲቆጠቁጠው ኖረ። ድስቱን ጎረቤቲቱ ወደ መደርደሪያው መለሰችው። ከዚያ ቀን በኋላ በስድስተኛው ቀን እናቱ አረፈች።

መረቁ አያድናትም ነበር። ይህን ደብቄ ላስፈራራህ አልፈልግም። በበላችም ባልበላችም ቀኗ ያው ነበር። ግን አንድ ነገር ለመነችው፣ ያም ነገር በእጁ ነበር።

አሥራ ሁለቱ ቀን ሲሞላ ሰውየው ለቅሶ ላይ ነበርና ተራውን ለቀዛፊው ሰጠው። ሣጥኑንም አብሮ ሰጠው። ቀዛፊው ገና ረፋድ ላይ ተመለሰ። አንድ ነጭ ዓሣ ከሌላ ሰው ጋር በሸክም አምጥቶ ደጁ ላይ አስቀመጠ። ጭንቅላቱ ብቻ ያን ድስት ይሞላ ነበር። ለቅሶኞቹ ተነሥተው ዙሪያውን ቆሙ።

ሰውየው ወደ ዓሣው ጎንበስ አለና፣ «በየትኛው መንጠቆ ያዝኸው?» ብሎ ጠየቀ።

«እኔ እንጃ ጋሼ» አለ ቀዛፊው፣ አንገቱን ደፍቶ። «እጄ የገባውን ነው ያሰርሁት። ትንንሾቹ እንዳይሞቱብኝ ቸኩዬ ነበር።»

ሰውየው ወደ ቤት ገባ። ከዚያ ወዲያ ስለ መንጠቆ ሲናገር የሰማው የለም።

እንግዲህ ምንዳዬ፣ የጠየቅኸኝ ይህን ነው። ሽማግሌው፣ የምትይዘው ስጦታ፣ የመጀመሪያው ቃል፣ እነዚህ መንጠቆዎች ናቸው። ብረት ናቸው፤ በሣጥን ቢከርሙ አይበላሹም። ዛሬ የመረጥኸውን ሽማግሌ በሚቀጥለው ዓመትም ታገኘዋለህ። በባልዲው ውስጥ ያለው ግን የወንድምህ ትንፋሽ ነው። አንተ ቋጠሮ ስታሳምር እሱ ወደ ላይ እየመጣ አየር ይጎርሳል። ሚስቱ ሁለት ጊዜ መልእክት ላከችብኝ አልኸኝ። ያ ቀዛፊው ነው፤ ውሃውን ልቀይር ወይ እያለ የሚለምነው። አንተ ደግሞ ቆይ አልኸው።

መምረጥ ሞኝነት ነው አላልሁህም። እኔ ራሴ ከቤት ስወጣ በሩን ሦስት ጊዜ የምፈትሽ ሰው ነኝ፤ አንዲት ደብዳቤ ለመጻፍ ሳምንት ይፈጅብኛል። እንዲህ ያለው ሰው የሚሳሳተው በመጥፎ መንጠቆ እንዳልሆነ ስለማውቅ ነው ፈርቼ የምነግርህ። ወንድምህን አትወደውም ብዬም አይደለም። ስለምትወደው ነው ስድስት ዓመት ቃል ስታማርጥ የኖርኸው።

ከዚህ እስከ ወንድምህ ቤት የግማሽ ቀን መንገድ ነው። አሁን ብትነሣ ሳይመሽ ትደርሳለህ። ባዶ እጅህን ሂድ። ደጁ ላይ ስትደርስ ምን ልበል ካልኸኝ፣ ስሙን ጥራው። ድምፅህን ያውቀዋል።