አያ ዘርጋውና የመጋበዣ ቤቱ እንግዳ

ይህን የምጽፈው አባቴ ከአባቱ የሰማውን፣ እኔም ከአባቴ የሰማሁትን ነው። የተሳሳትኩት እንዳይኖር ብዬ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የሹማምንቱ የልጅ ልጆች ቢያነቡት እንዳይቀየሙኝም ከራሴ ክፉ ቃል አልጨመርኩም፤ ከሰማሁትም ቢሆን አንዳንዱን ትቼዋለሁ።

ወይራ ገበያ በሚባለው አገር ገዥው ደጃዝማች ክንፈ ሚካኤል፣ የገበያው ሹም ደግሞ ነጋድራስ ይርዳው ነበሩ። ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃ ነው፤ ቀረጥ ያስከፍላል፣ ነጋዴ ሲጣላም ይዳኛል። አንድ ዘመን ከበላይ ትእዛዝ መጣ። “የውጭ ነጋዴ ገንዘቡን ይዞ እንዲገባ፣ የአገራችን ማር፣ ሰምና ቆዳም ወደ ውጭ እንዲወጣ አድርጉ” ይላል። ነጋድራስ ቶሎ ብለው አንድ ቤት አሠሩና “የውጭ ነጋዴ መጋበዣና የአገር ዕቃ መላኪያ” ብለው ሰየሙት። ሕዝቡ ስሙ ቢረዝምበት “መጋበዣ ቤት” አለው።

አያ ዘርጋው የዚያው አገር ገበሬ ነው። ጥቂት ላሞች ነበሩት። የእሱም ሆኑ የጎረቤቶቹ ላሞች የሚውሉት ሰንበሌጥ ጨፌ በሚባለው የወል ግጦሽ ላይ ነበር። በበጋ ሌላው ሜዳ ሁሉ ሲደርቅ ያ ጨፌ ብቻ ነው አረንጓዴ የሚሆን። ይህን አስቀድሜ የተናገርኩት ነገሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ጨፌው ላይ ስለሚደርስ ነው።

*

መጋበዣ ቤቱ በተከፈተ ዕለት ነጋድራስ በገበያው መካከል ነጋሪት አስመቱ። አዋጅ ነጋሪው ዋርካው ሥር ቆሞ፣ “ስማ! ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ባሕር ማዶ ያለህ ነጋዴ ሆይ፣ መሬታችን ለም፣ ቀረጣችን ቀላል፣ ሕዝባችን ትሑት ነውና ገንዘብህን ይዘህ ና!” እያለ ጮኸ። በገበያው የነበሩት ጨው ሻጮች፣ ሽንኩርት ሻጮችና አህያ ነጂዎች ናቸው። ሁሉም ጸጥ ብሎ አዳመጠ። አያ ዘርጋው ብቻ ሲስቅ ነጋድራስ አዩት።

“ምን ያስቅሃል አንተ?” አሉት።

«ጌታዬ፣ የተጠራው ባሕር ማዶ ያለው ነው፤ የሰማነው እኛ ነን። እንግዲህ ባሕሩን ተሻግረን እንምጣልዎ?»

*

በዚያ አገር ማርና ሰም ሰብስቦ ወደ ውጭ የሚልክ አቶ ገድሉ የሚባል ባለጸጋ ነበር። ሀብቱ ብዙ፣ እጁ ግን ጠባብ ነው። ልጁን ክርስትና ሲያስነሳ አገሩን ጠራ። ጠጁ በብርሌ ሲቀርብ ከወዲያ ማዶ የተቀመጠውን ሰው ፊት ያሳያል። እንግዳው እርስ በርሱ ተያየ። አቶ ገድሉ ነገሩ ገብቶት፣ “ምን ላድርግ ወገኖቼ፤ ዘንድሮ ነጋድራስ ላኩ ላኩ ሲሉን ማሩ በሙሉ ባሕር ተሻገረ” አለ።

አያ ዘርጋው ብርሌውን ከፍ አድርጎ ወደ ብርሃን አየው።

«ማሩስ ይሻገር ደግ ነው። ባሕሩን ምነው ወደ እኛ መለስከው?»

*

ይኸው አቶ ገድሉ የላከው ሰም ወራት ቆይቶ ተመለሰ። ሰሙን የገዛው የውጭ ነጋዴ ሲሰብረው መካከሉ ላይ ድንጋይ ስላገኘ፣ ድንጋዩንም ሰሙንም አብሮ ላከው። ነጋድራስ ፍርድ ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ሊሰማ ተሰበሰበ። አቶ ገድሉ ነጠላውን አደግድጎ፣ “ሰሙ ከቤቴ ሲወጣ እንደ እንቁላል አስኳል ንጹሕ ነበር። ድንጋዩ የገባው ባሕር ላይ ነው! እመቤቴ ማርያም ምስክሬ ናት!” እያለ ማለ።

ነጋድራስም አገሩ እንዳይዋረድ ፈልገው፣ “ባሕር ብዙ ነገር አለበት፤ ሊሆን ይችላል” ማለት ጀመሩ። ከዳር የቆመው አያ ዘርጋው ጣልቃ ገባ።

«አቶ ገድሉ፣ ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ ድንጋይ ካገኘህማ ሰሙን ተውና እሱን ላክ።»

ነጋድራስ ሳቃቸውን መያዝ ስላቃታቸው ፍርዱ በዚያው አለቀ። አቶ ገድሉ ሰሙን እንደ ገና ንጹሕ አድርጎ ተካ።

*

ከብዙ ጊዜ በኋላ ሙሴ ስታቭሮ የሚባል ፈረንጅ እውነትም ግብዣውን ሰምቶ መጣ፤ ማን እንዳሰማው አላውቅም። ሙሴ በፈረንጅ አፍ አቶ ማለት ነው። አስተርጓሚውን ይዞ መጋበዣ ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ በረኛው፣ “አጋፋሪው ይምጣ” አለው። አጋፋሪው፣ “ነጋድራስ ምሳ ላይ ናቸው” አለው። በማግስቱ፣ “ጾም ነው” ተባለ። በሦስተኛው ቀን፣ “እጅ መንሻ የለህም ወይ?” ብለው ጠየቁት። እንግዳው በሩ አጠገብ ባለ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፊቱ በፀሐይ ቀላ።

አያ ዘርጋው ሲያልፍ አየውና እንዴት ዋላችሁ አለ። ፈረንጁ በአስተርጓሚው በኩል፣ “እኔ ተጋብዤ የመጣሁ ሰው ነኝ። ለምንድን ነው በር ላይ የሚያስቀምጡኝ?” ብሎ ጠየቀው።

«ክብርዎ ነው ጌታዬ። እኛ ያልተጋበዝነው ደጅ የምንጠናው ቆመን ነው።»

*

ነጋድራስ የእንግዳውን መጉላላት ሲሰሙ ደነገጡ። በረኛውን ተቆጥተው ፈረንጁን በበቅሎ አስቀመጡትና አገር ሊያሳዩት ወጡ። ሙሴ ስታቭሮ የፈለገው የቆዳ ፋብሪካ ማቆም ነበር። ስለዚህ፣ “ከብታችሁ ብዙ ነው ወይ?” አለ። ነጋድራስም፣ “ብዙ! እንደ ሰማይ ኮከብ!” አሉት።

እንዲያ ይበሉ እንጂ የዚያን ዓመት በሽታ ገብቶ ከብቱ ሳስቶ ነበር። ነጋድራስ ከበሽታው የተረፉትን ላሞች ሁሉ፣ የአያ ዘርጋውንም ጭምር፣ አስሰብስበው ወንዙ ዳር አቆሟቸው። ፈረንጁ አይቶ ተደሰተ። በዋናው መንገድ በበቅሎ ዞሮ ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ሲደርስ ላሞቹ በአቋራጭ ተነድተው ቀድመው ቆመዋል። ከዚያ ጨፌው ላይ ሲደርስ እነዚያው ላሞች ምላሳቸውን አውጥተው ያለከልካሉ። እረኞቹም አብረው ያለከልካሉ።

ሙሴ ስታቭሮ ቀንዷ የተሰበረ አንዲት ላም ትክ ብሎ ተመለከተና፣ “የዚህ አገር ከብት ምነው እንዲህ ያለከልካል?” አለ። የላሟ ባለቤት አያ ዘርጋው ከእረኞቹ መካከል ነበርና እሱ መለሰ።

«በየደረሱበት ሁሉ ቀድመው ሊቀበሉዎት ሲሮጡ ነው ጌታዬ።»

*

እንግዳው ግን አልሄደም። ጨፌው ውሃ ገብ ስለሆነ ዓይኑን ጣለበት። “ፋብሪካው የሚቆመው እዚህ ነው። ሠላሳ ዓመት ያለ ግብር ስጡኝ፤ እኔ ደግሞ ቆዳችሁን በሙሉ እገዛለሁ” አለ። ነጋድራስ ደስታቸውን አልቻሉትም። የአገሩን ሽማግሌዎች ጠርተው፣ “ከብታችሁን ከጨፌው አውጡ፤ ቆዳችሁ ባሕር ሊሻገር ነው” አሏቸው። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። በጋው እየገባ ነበር፤ ያለ ጨፌው ላሞቹ የት እንደሚውሉ ያውቁታል። አያ ዘርጋው ተነሣ።

«ጌታዬ፣ ቆዳው እኮ ላሟ ላይ ነው። ላሟ ደግሞ ጨፌው ላይ ናት።»

ነጋድራስ፣ “ዝም በል! አገር ሲለማ አንተ ታሾፋለህ!” ብለው ተቆጡ። ነገሩ ወደ ደጃዝማች ክንፈ ሚካኤል ችሎት ሄደ።

*

በችሎቱ ዕለት አገሩ ነቅሎ ወጣ። ደጃዝማች አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ሁሉንም በጸጥታ ሰሙ። ጨፌው ለፈረንጁ ከተሰጠ ከብቱ በበጋው እንደሚያልቅ ሽማግሌዎቹ አስረዱ። ነጋድራስ በበኩላቸው ፋብሪካ ሲቆም አገሩ እንደሚከብር ተናገሩ።

ደጃዝማች ወደ ሙሴ ስታቭሮ ዞረው፣ “መልካም። በእኛ አገር ማንም ውል ሲገባ ዋስ ይጠራል። ፋብሪካው ሳይቆም ቢቀር ስለ ጨፌው የሚጠየቅልን ማን ነው? ዋስህን ጥራ” አሉት።

ፈረንጁ ከአስተርጓሚው ጋር ተንሾካሾከ። አስተርጓሚው፣ “ዋሴ ገንዘቤ ነው፤ እሱም በመርከብ እየመጣ ነው ይላል” አለ።

“መርከቡን ያየ አለ?” ሲሉ ደጃዝማች ጠየቁ። ያየ የለም።

ነጋድራስ ይርዳው ግን ወደ ፊት ወጥተው፣ “ጌታዬ፣ እኔ ይህን ሰው እንደ እናቴ ልጅ አምነዋለሁ” አሉ።

“ካመንከውማ አንተው ዋስ ሁነዋ” አሉ ደጃዝማች። “መርከቡ ቢቀር የአባትህ ርስት ለጨፌው ምትክ ይሁን።”

ነጋድራስ ካባቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ፣ ፈረንጁን አዩ፣ መሬቱን አዩ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ጌታዬ፣ እሱስ የአባቴ ርስት ነው… በዓይኔ ላላየሁት መርከብ እንዴት አድርጌ…” ብለው አቆሙ።

ደጃዝማች፣ “ዘርጋው፣ አንተስ ምን ትላለህ?” አሉ። አያ ዘርጋው እጅ ነሣ።

«ነጋድራስ ጨርሰውልኛል ጌታዬ። የእሳቸው አባት ርስት ያላየውን መርከብ ከፈራ፣ የእኛ አባቶች ጨፌም ዋና አይችልም።»

ደጃዝማች እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ፣ “መርከቡ እስኪደርስ ጨፌው የላሞቹ ነው” ብለው ፈረዱ። ሙሴ ስታቭሮም መርከቡን ሊቀበል ነው ተብሎ በዚያው ሳምንት ሄደ።

*

ከችሎቱ ሲወጡ ነጋድራስ አያ ዘርጋውን በሩ ላይ ያዙት። እጅግ ተናደዋል። “አንተ ሰው፣ እንግዳዬን አባረርክብኝ! በነጋሪት ጠርቼ፣ በበቅሎ አዙሬ ያመጣሁትን! እሺ፣ ነገ ያ መርከብ እውነት ሆኖ ቢመጣ ምን ልትል ነው? በምን ፊትህ ልትቀበለው ነው?” አሉት።

አያ ዘርጋው ወደ ሰንበሌጥ ጨፌ ተመለከተ። ላሞቹ በእርጋታ ይግጣሉ፤ ቀንደ ሰባራዋም ከመካከላቸው አለች።

«መቀበሉ አያሳስብዎ ጌታዬ። ላሞቹ ለምደውታል።»